የመስኮት ስቱኮ ለምን አልደርቅ ይላል? ለምንስ ይረግፋል?

አንድ አንባቢ የላኩልን ጥያቄ ይህ ነው፦

«የቤታችን የብረት መስኮቶች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የመስታወቱ ስቱኮ ተሰነጣጥቆ እየረገፈ ነው። ባለፈው ክረምት ውኃ ወደ ውስጥ ገባ። አንድ ሠራተኛ ጄሶ በምግብ ዘይት ለውሶ ሁለቱን መስኮት ሞላልን። ይኸው ሦስት ወር አለፈው፤ አሁንም በጣት ሲነኩት ይጣበቃል። ዝናብ የሚመታው በኩል ደግሞ እየታጠበ ወረደ። ለመሆኑ ስቱኮ የሚሠራው ከምንድን ነው? በተልባ ዘይት ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል? ወይስ ሁሉንም ትቼ ሲሊኮን ላስደርግ?»

ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ነው የተሳሳተው። ዘይቱ የሚደርቅ ዘይት አይደለም። ዱቄቱም ለዚህ ሥራ የሚሆን ዱቄት አይደለም። ሁለቱ መስኮቶች ላይ ያለው ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት። ላዩ ላይ ሌላ ቢደርቡበት ትርፉ ድካም ነው።

መጀመሪያ ግን ቃሉን እናጥራ፤ ብዙው ስህተት የሚጀምረው ከዚያ ነው። እኛ አገር ስቱኮ የምንላቸው ነገሮች ቢያንስ ሦስት ናቸው። አንዱ ግድግዳ ከመቀባቱ በፊት የሚለሰንበት ነው። ሁለተኛው ጋራዥ ውስጥ የተጨረመተ የመኪና ቦዲ የሚሞላበት፣ ማድረቂያው በትንሽ ቱቦ ለብቻው የሚመጣው ነው። ሦስተኛው መስታወት ከመስኮት ፍሬም ጋር የሚታተምበት ነው። ቃሉን ያገኘነው ከጣሊያንኛ ነው፤ እነሱም የግድግዳውንም የመስታወቱንም ስቱኮ ነው የሚሉት። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። የግድግዳው ውኃው ሲተን ይደርቃል። የመኪናው ከማድረቂያው ጋር ተዋህዶ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠጥራል። የመስታወቱ ደግሞ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ በሳምንታትና በወራት ይጠነክራል። ስለዚህ ሱቅ ሲሄዱ «ስቱኮ ስጡኝ» ብቻ አይበሉ። «የመስታወት ስቱኮ፣ ለብረት መስኮት» ብለው ይጠይቁ።

የመስታወት ስቱኮ በመሠረቱ ሁለት ነገር ነው፤ የተልባ ዘይትና በጣም የላመ የኖራ ድንጋይ ዱቄት። ዱቄቱ በኬሚስትሪ ስሙ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል። በክብደት ከመቶው 85 ያህሉ ዱቄት ነው፤ ቀሪው 15 ገደማ ዘይት ነው። ዘይቱ ትንሽ ይመስላል። ዱቄቱ ከባድ ስለሆነ ነው እንጂ፣ በያዘው ቦታ ከለካነው ዘይቱ አንድ ሦስተኛውን ይሞላል። ሥራው በእያንዳንዱ ቅንጣት መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ቅንጣቶቹን ማያያዝ ነው። ዘይቱ ካነሰ በቅንጣቶቹ መካከል አየር ይቀርና ስቱኮው እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራል። ከበዛ ደግሞ ፍሬሙ ላይ አልቆም ብሎ ይንሸራተታል፤ ሲጠነክርም ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ማድረቁ እንምጣ። የኑግ ዘይት ጠርሙስ ሳይታጠብ ሲከርም አፉ ዙሪያ የሚሠራውን ቢጫ ሽፋን ያውቁታል። መጀመሪያ ያጣብቃል፣ ከዚያ እንደ ስስ ላስቲክ ይሆናል፣ በኋላ በጥፍር ካልፋቁት አይለቅም። ዘይቱ አልተነነም። ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተሳስረው መረብ ሆኑ። እንደውም ክብደቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ የሚፈጠረው ጥቁር ልባስም የዚሁ ዘመድ ነው፤ እዚያ ሥራውን የሚያፈጥነው የእሳቱ ሙቀት ነው። የስቱኮ መድረቅም ይኸው ነው። ኦክስጅኑ ከውጭ ስለሚገባ መጀመሪያ ቆዳ ያበጃል። ውስጡ ለወራት፣ ወፍራም ከሆነም ከዚያ በላይ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ይህ ጉድለት አይደለም። ያ ልስላሴ ነው መስታወቱና ፍሬሙ ሲንቀሳቀሱ አብሮ እንዲተጣጠፍ የሚያደርገው።

ሁሉም ዘይት ግን እንዲህ አያደርግም። ኬሚስቶች የአዮዲን ቁጥር የሚሉት መለኪያ አላቸው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር የሚያያዝበት ቦታ ብዙ ነው ማለት ነው። የተልባ ዘይት ከ170 እስከ 200 ይደርሳል። የኑግ 130 አካባቢ ነው። የፓልም 50 ገደማ ነው። የእርስዎ መስኮት ችግር እዚህ ላይ ነው። ብርድ ሲነካው የሚረጋው የምግብ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ፓልም ነው፤ ሠራተኛው የተጠቀመውም እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ሦስት ወር ቀርቶ ሦስት ዓመት ቢጠብቁት ስቱኮ አይሆንም። ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ኑግ በመካከል ያለ ነው። ይደርቃል፣ ግን በጣም ቀስ ብሎ ነው፤ የሚሠራው መረብም ከተልባ የላላ ነው። ለሙከራ ያህል ይሆናል፤ ዝናብና ፀሐይ ለሚፈራረቅበት መስኮት ግን አልመክርም። ተልባን ልዩ የሚያደርገው ሊኖሌኒክ የሚባለው አሲድ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የተልባ ዘይት እሱ ነው፤ ኦክስጅን በፍጥነት የሚይዘውም እሱ ነው።

ጄሶውስ? ጄሶ የካልሲየም ሰልፌት ዱቄት ነው። የሚጠነክረው ውኃ ሲያገኝ ነው። በዘይት ሲለወስ አይያዝም፤ እንዲሁ ዱቄት ሆኖ ዘይት ውስጥ ይቀመጣል። በኋላ ዝናብ ሲመጣ ውኃ ይስባል። ጄሶ ውኃ ውስጥ በጥቂቱም ቢሆን ይሟሟል፤ በዝናቡ በኩል ታጥቦ የወረደው ለዚህ ነው። ሲሚንቶ የሚጨምሩም አሉ። እሱ ደግሞ የባሰ ነው። አልካላይ ስለሆነ የመስታወቱን ጠርዝ ይበላል፤ ድርቅ ብሎ ስለሚይዝም መስታወቱ መፈናፈኛ ያጣና ይሰነጠቃል። የተቃጠለ ኖራም አይሆንም፤ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ ሳሙና ነገር ይፈጥራል። የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ኖራ ስማቸው ቢቀራረብም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ዱቄቱን በእጅዎ መለየት ይችላሉ። ግማሽ ማንኪያ ሳህን ላይ ያድርጉና ጥቂት ጠብታ ሎሚ ይጭመቁበት። የኖራ ድንጋይ ወይም የእብነ በረድ ዱቄት ከሆነ ወዲያው ይፍለቀለቃል፣ ጢስ ጢስ ሳይል ትንንሽ አረፋ ይወጣዋል። ንጹሕ ጄሶ ከሆነ ዝም ብሎ ይረጥባል። የሰሌዳ ጠመኔ ፈጭተው ለመጠቀም ያሰቡም ይህን ቢሞክሩ ጥሩ ነው፤ ብዙው የሰሌዳ ጠመኔ ከጄሶ የተሠራ ነው።

ሌላ መታረም ያለበት ሐሳብ አለ። ብዙ ሰው ስቱኮ መስታወቱን ይዞ የሚያቆም ሙጫ ይመስለዋል። አይደለም። መስታወቱን የሚይዘው የእንጨት መስኮት ላይ ትንንሽ ምስማር ነው፤ የብረት መስኮት ላይ ደግሞ ፍሬሙ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ የሽቦ መያዣ ነው። ስቱኮው ሥራው ሌላ ነው። መስታወቱ ብረት ላይ በቀጥታ እንዳያርፍ ፍራሽ ይሆነዋል፤ ውኃና ንፋስም ይዘጋል። እኔ ስቱኮው ሲነሳ አንድም መያዣ ያልነበረበት መስኮት በተደጋጋሚ አጋጥሞኛል። መስታወቱ ለዓመታት የቆመው በደረቀ ስቱኮ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለው መስኮት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ ስቱኮውን ሲፍቁ መስታወቱ ቁልቁል ሊሄድ ይችላል። ከመንካትዎ በፊት መስታወቱን ከሁለቱም በኩል በሰፊ ፕላስተር ደግፉት፤ ከታች ሰው እንዳይቆምም ያድርጉ።

ስቱኮ ከብረት መስኮት ጋር የሚስማማበት ምክንያትም አለ። ብረትና መስታወት በሙቀት የሚሰፉበት መጠን ተቀራራቢ ነው። አንድ ሜትር ተኩል የሚረዝም መስኮት እንውሰድ። የጠዋቱና የቀትሩ ሙቀት ልዩነት በፀሐይ ፊት 40 ዲግሪ ቢሆን፣ ብረቱ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ መስታወቱ ደግሞ 0.5 ያህል። ልዩነታቸው ከ0.2 አይበልጥም። ይህን ስቱኮ ይችለዋል። አሉሚኒየም ግን በዚያው ሙቀት 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከመስታወቱ ጋር ያለው ልዩነት ብረቱ ካለው ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። የአሉሚኒየም መስኮት በጎማ የሚታተምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አሉሚኒየም ላይ ስቱኮ የሚሞላ ሠራተኛ ካጋጠመዎት ያስቁሙት።

የእርስዎ የቀድሞው ስቱኮ 20 ዓመት ከቆየ መጀመሪያ በትክክል ተሠርቶ ነበር ማለት ነው። የረገፈው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛው ቀለም ነው። ስቱኮ መቀባት አለበት። ቀለሙ ፀሐዩንም ኦክስጅኑንም ስለሚገታ ዘይቱ ከመጠን በላይ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል። እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ፀሐዩ ጠንካራ ነው። ቀለሙ የላጠ ስቱኮ መጀመሪያ ፀጉር መሰል ስንጥቅ ያወጣል። በስንጥቁ ውኃ ይገባል። ከዚያ ሁለተኛው ይከተላል፤ ዝገት። ዝገት ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ፍሬሙ ውስጥ ሲያብጥ ስቱኮውን ከሥሩ ይገፋዋል፤ መስታወቱንም ከማዕዘኑ ጀምሮ ይሰነጥቀዋል። ማንም ሳይነካው ከጥግ በኩል የተሰነጠቀ መስታወት ካለዎት በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። እንደዚያ ያለ ፍሬም ላይ ዝገቱን ሳያነሱ አዲስ መስታወት መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

በተልባ ዘይት ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል ወይ ላሉት፣ አዎ ይቻላል። ለአንድ ኪሎ ዱቄት ከ150 እስከ 180 ግራም ዘይት ይበቃል። ዱቄቱን በሰፊ ሳህን ያድርጉ፣ ዘይቱን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፣ እንደ ሊጥ ጊዜ ወስደው ይሹት። መጀመሪያ ፍርፋሪ ይሆናል፤ «ዘይት አነሰው» ብለው አይቸኩሉ። ሲታሽ ነው የሚሰባሰበው። በላስቲክ ጠቅልለው ያሳድሩትና ጠዋት እንደገና ይሹት። ዝግጁ ሲሆን መዳፍ ላይ ተድቦልቡሎ እጅ ላይ አይቀርም፤ እንደ እርሳስ አሹለው ሲያጥፉት ጠርዙ አይሰነጠቅም። ከ40 በ60 ሳንቲ ሜትር ለሆነ አንድ መስታወት 400 ግራም ያህል ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ኪሎው ሁለት መስታወት ይሸፍናል።

ግን ይህ የቤት ስቱኮ የሚሆነው ለእንጨት መስኮት ነው። እንጨት ከዘይቱ በጥቂቱ ስለሚመጥ ስቱኮው ቶሎ ይረጋጋል። ብረት ምንም አይመጥም። ተራ የተልባ ስቱኮ ብረት ላይ ሲደረግ ለረጅም ጊዜ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ቀለም ሲቀቡትም ቀለሙ ይጨማደዳል። ለብረት ተብሎ በፋብሪካ የሚዘጋጀው ስቱኮ ማድረቂያ ስላለበት ይህን ችግር ይፈታል። ማድረቂያው ኮባልትና ማንጋኒዝን በመሳሰሉ ብረቶች የሚሠራ ነው። ሱቅ ውስጥ «የተፈላ የተልባ ዘይት» ተብሎ የሚሸጠውም ብዙውን ጊዜ ይህ ማድረቂያ የተጨመረበት ነው። እሱን ለምግብ ከሚሆነው የተልባ ዘይት ጋር አንድ ቦታ አያስቀምጡት። አይበላም። የእንጨት መስኮት ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ደረቅ፣ ያልተቀባ እንጨት ዘይቱን ሁሉ ይመጥና ስቱኮውን ዱቄት ያደርገዋል። መጀመሪያ አንድ እጅ ቀለም ወይም ስስ የተልባ ዘይት አጠጡት።

ሲሊኮን በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። የሚበላሸው አጠቃቀሙ ነው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፤ ያ አሲድ ብረት ያዝጋል። ለብረት ፍሬም ከሆነ ሽታ የሌለው፣ ኒውትራል የሚባለው ነው የሚያስፈልገው። ሲሊኮን ቀለም አይቀበልም። በአሮጌ ዘይታማ ስቱኮ ላይም አይጣበቅም፤ ለጊዜው የያዘ መስሎ በክረምቱ ይለቃል፣ ውኃም በመሃል ያቁራል። ሌላው ነገር ጥገና ነው። ስቱኮ የያዘው መስታወት ሲሰበር ተፍቆ ይወጣል፣ ፍሬሙ ንጹሕ ይሆናል። ሲሊኮን የነካው ፍሬም ግን ቅሪቱ ተፍቆ አያልቅም፤ ከዚያ በኋላ ስቱኮም ቀለምም በደንብ አይዝበትም። ያረጀ የብረት መስኮት ላለው ሰው ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ስቱኮ ፈጽሞ አይሆንም። ድርብ መስታወት፣ ማለትም መሃሉ አየር የታሸገበት፣ እንዲሁም በመካከሉ ላስቲክ ያለው ላሚኔትድ መስታወት ከተልባ ዘይት ጋር አይስማሙም። ዘይቱ ጠርዛቸው ላይ ያለውን ማሸጊያ ያበላሸዋል። ድርቡ በጊዜ ብዛት ውስጡ ጉም ይይዛል፤ ላሚኔትዱ ከጠርዙ ይላቀቃል።

ስለዚህ ለእርስዎ የምመክረው አንድ ነው። ሲሊኮኑን ይተዉት። ቤት ውስጥ የሚሠራውንም ስቱኮ ይተዉት። ለብረት መስኮት የተዘጋጀ የመስታወት ስቱኮ ይግዙና ሥራውን ከሥሩ ያሠሩ። ጊዜው ጥቅምትና ኅዳር ይሁን፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ፍሬሙም ደርቋል። ጄሶ የተሞሉት ሁለቱ መስኮቶች ይቅደሙ። በዘይት የወየበውን ሁሉ ፍቀው በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛው) ያጽዱ፤ የፓልም ዘይት ቅሪት ካለ አዲሱ ስቱኮ አይይዝም። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ያውርዱ። አንቲረስት ይቀቡና በደንብ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ሠራተኞች አብዝተው የሚዘሉት ይህን ነው፤ የመስኮቱን ዕድሜ የሚወስነው ግን ይኸው ነው።

ከዚያ ፍሬሙ ላይ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር የሚሆን የስቱኮ ፍራሽ ይደረጋል። መስታወቱ በዙሪያው ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት እንዲኖረው ተደርጎ ይቆረጣል። ሲገባ ጠርዙን እንጂ መሃሉን አይጫኑት፤ የሚሰበረው እዚያ ነው። የሽቦ መያዣዎቹ ቦታቸው ይግቡ። የውጩ ስቱኮ በስፓቱላ በ45 ዲግሪ ገደማ ተዳፍቶ ይለሰን፤ ውኃ እንዳያቁር። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ከቆየና ቆዳው በጣት ሲነካ ከጠነከረ በኋላ በዘይት ቀለም ይቀባ። ጣሳው ላይ ሌላ ቀን ከተጻፈ እሱን ይከተሉ። ቀለሙ ስቱኮው ላይ ብቻ አያብቃ፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል መስታወቱ ላይ ይውጣ። ያቺ ቀጭን መስመር ናት ውኃው በስቱኮና በመስታወት መካከል እንዳይገባ የምትዘጋው። ሠራተኛው «መስታወቱን አበላሸሁ» ብሎ በምላጭ ሊፍቃት ሲል ከልክሉት።

ሲፍቁ ስለሚወጣው አቧራ ደግሞ ጠንቀቅ ይበሉ። አሮጌ ቀለምና አሮጌ ስቱኮ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። አሁን በአገራችን ቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኗል፤ የ20 ዓመት ቀለም ግን ከዚያ በፊት የተቀባ ነው። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉ፤ እያረጠቡ ይፋቁ። ማስክ ያድርጉ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴት ከቤቱ ይራቁ። ፍርፋሪው በላስቲክ ይታሰር እንጂ ጓሮ አይደፋ። አሜሪካ ውስጥ ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠራ ቤት የምትኖሩ አንባቢዎችም ይህን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቀለሙን አስመርምሩ።

የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ላይ አይጣል። ዘይቱ ኦክስጅን ሲይዝ ሙቀት ይሰጣል። ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል። በየካቲት 1991 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ውስጥ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለው ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ የተቃጠለው እንዲህ ባሉ ጨርቆች ነው። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተውበታል። ሥራው ሲያልቅ ጨርቁን ውጭ ላይ አንድ በአንድ ዘርግተው ያድርቁት፤ ወይም ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ነክረው ይክደኑት።